በቆየ ጌጥ ላይ ያሉ ትንንሽ አልማዞችን ጥራትና ዋጋ እንዴት መመዘን ይቻላል?

በእኛ ዘንድ ጌጥ የሚገመተው በግራም ነው። ቀለበቱ ወይም አምባሩ ወርቅ ቤት ይገባል፣ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ግራሙ በዕለቱ ዋጋ ይባዛል፣ ድንጋይ ካለበትም የድንጋዩ ክብደት ተገምቶ ይቀነሳል። ይህ ስሌት ለወርቅ አምባር ትክክለኛ ስሌት ነው። ከ1900 እስከ 1940 ባሉት ዓመታት በለንደን፣ በፓሪስ ወይም በኒው ዮርክ ተሠርቶ፣ በፕላቲነም ፊቱ ላይ ሃያ ሠላሳ ጥቃቅን አልማዞች የተተከሉበትን ቀለበት በዚህ መንገድ የሚመዝን ሰው ግን ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ላይ ይወድቃል፤ ወይ የእጅ ሥራውን ከብረቱ ጋር አቅልጦ በርካሽ ይሸጠዋል፣ ወይ ደግሞ «በጠቅላላው ግማሽ ካራት አልማዝ አለው» በሚል አነጋገር ተስቦ ለጥቃቅን ድንጋዮች የአንድ ትልቅ ድንጋይ ዋጋ ይከፍላል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በውጭ አገር ከአሮጌ ጌጥ ሻጮች፣ ከጨረታ ቤቶች ወይም ከሟች ንብረት ሽያጭ እንዲህ ያለ ጌጥ ለመግዛት ለሚያስቡ፣ ወይም በስጦታና በውርስ ለደረሳቸው ሰዎች ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአልማዝ ካራት ክብደትን ይለካል፤ አንድ ካራት 0.2 ግራም ሲሆን በ100 ነጥብ ይከፈላል። 18 ካራት ወርቅ ሲባል ግን የወርቁን ንጽሕና ማለት ስለሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ደረሰኝ ላይ ሲጻፉ እንዳይምታቱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በንግዱ ዓለም ትንንሽ የሚባሉት አልማዞች በግምት ከ0.20 ካራት በታች ያሉት ሲሆኑ፣ በአሮጌ ጌጦች ላይ የምናገኛቸው አብዛኞቹ ደግሞ ከ1 ነጥብ እስከ 5 ነጥብ የሚደርሱ ናቸው።

አስቀድሜ አቋሜን ልግለጽ። የእነዚህ ትንንሽ ድንጋዮች ዋጋ ከክብደታቸው ይልቅ ከጌጡ ጋር አብረው የተተከሉ፣ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉና ጉዳት ያልደረሰባቸው በመሆናቸው ላይ ያረፈ ነው። ስለዚህ ምርመራው ከድንጋዩ ሳይሆን ከጌጡ ጀርባ ይጀምራል።

ማጽዳትና ጀርባውን ማየት

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፦ 10 እጥፍ የሚያጎላ የጌጥ ሠሪ ሉፕ፣ እስከ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ድረስ የሚያነብ ካሊፐር፣ እስከ 0.01 ግራም የሚመዝን ትንሽ ሚዛን፣ ነጭ ወረቀት፣ አነስተኛ የእጅ ባትሪና የአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚሰጥ ሌላ ባትሪ። ሉፑን ወደ ዓይን እጅግ አስጠግቶ መያዝና ጌጡን ወደ ሉፑ ማምጣት እንጂ፣ ሉፑን ከጌጡ ላይ አድርጎ ከሩቅ መመልከት ምንም አያሳይም።

አልማዝ ቅባት የሚስብ ድንጋይ ነው። ለዓመታት ጣት ላይ የቆየ ቀለበት ከድንጋዮቹ ሥር የሳሙናና የቅባት ዝቃጭ ስለሚያጠራቅም፣ ጥሩ አልማዝ ግራጫ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከማጠብ በፊት ግን ጌጡን ገልብጠው ጀርባውን ይመልከቱ። ድንጋዮቹ ከኋላ በብረት የተደፈኑ ከሆነ፣ በተለይም ጌጡ ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በፊት የተሠራ ከመሰለ፣ ከድንጋዩ ሥር ብርሃን የሚመልስ ስስ ቅጠለ ብረት ሊኖር ይችላል፤ ውኃ ከገባበት ቅጠሉ ይጠቁርና ድንጋዩ እስከ መጨረሻው ይደበዝዛል። እንዲህ ያለውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ማበስ ነው። ዕንቁ፣ ኦፓል፣ ተርኩዋዝ ወይም ኤመራልድ አብሮ ካለበትም ውኃ ውስጥ አይዘፈዝፉት። ጀርባው ክፍት ሆኖ አልማዝ ብቻ ካለበት ግን ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። በድምፅ ሞገድ የሚያጥበውን ማሽን ለአሮጌ ጌጥ አልመክርም፤ የላሉ ድንጋዮችን ፈጽሞ ሊያስወልቅ ይችላል።

ከታጠበ በኋላ ጀርባው ብዙ ይናገራል። በእጅ የተሠራ ፕላቲነም ከእያንዳንዱ ድንጋይ ሥር በቀጭን መጋዝ የተከፈተ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳዎቹ ጥርት ያለ ጠርዝ ቢኖራቸውም መጠናቸው አንዱ ከሌላው በመጠኑ ይለያያል፣ የመጋዙም ምልክት አንዳንድ ጊዜ በሉፕ ይታያል። ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ዘመናዊ ቅጂ ግን ጠርዞቹ ድልዱም፣ ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳሳ፣ ከውስጥ በኩልም ሳይወለወል የቀረ ይሆናል። በዘመኑ ጌጥ ጠርዝ ላይ እንደ አሸዋ ፍሬ የተደረደሩት ጥቃቅን የብረት ነጠብጣቦችም እንዲሁ ናቸው፤ በእጅ መሣሪያ የተመቱት እያንዳንዳቸው ክብ ሆነው ሲለዩ፣ የፈሰሱት እርስ በርስ ተጣብቀው ደብዘዝ ይላሉ።

ብረቱ ራሱ የዘመን ምስክር ነው። ከ1900 በፊት አልማዝ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ፊቱን ከብር፣ ጀርባውን ከወርቅ መሥራት የተለመደ ነበር። ከፍተኛ ሙቀት የሚሰጥ የብየዳ ነበልባል ሲመጣ ከ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ፕላቲነም ቦታውን ያዘ፤ ነጭ ወርቅ ደግሞ በ1920ዎቹ ተስፋፋ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ፕላቲነም ለጦርነት ሥራ በመፈለጉ፣ የ1940ዎቹ የአሜሪካ ጌጦች በአብዛኛው ቢጫና ቀላ ያለ ወርቅ ናቸው። በእንግሊዝ ቀለበት ውስጥ «18 ሲቲ» (18 ካራት ወርቅ) እና «ፕላት» (ፕላቲነም) የሚሉ ማኅተሞች አብረው ይገኛሉ፣ በፈረንሳይ 18 ካራት ወርቅ የንስር ራስ፣ ፕላቲነም ከ1912 ወዲህ የውሻ ራስ ይመታበታል፣ በብዙ የአሜሪካ ፕላቲነም ላይ ደግሞ ኢሪዲየም የተባለ ብረት አሥር በመቶ እንዳለበት የሚገልጽ ማኅተም ይታያል። «750» 18 ካራት፣ «585» 14 ካራት፣ «375» 9 ካራት ወርቅ ማለት ነው። ማኅተም ብቻውን ግን አያስተማምንም፤ የቀለበቱ ክብ ከአሮጌ ጌጥ ተወስዶ በአዲስ ፊት ላይ ሊበየድ ስለሚችል፣ ፊቱና ክቡ የሚገናኙበትን ቦታ በሉፕ መመርመር ያስፈልጋል። ግራጫ መልክ ያለው ሻካራ የቆርቆሮ ብየዳ ካዩ፣ ጌጡ በማያውቅ እጅ መጠገኑን ይወቁ፤ ይህ ዓይነቱ ብየዳ ወርቅንና ፕላቲነምን የሚበላ በመሆኑ የጌጡን ዋጋ በእጅጉ ይቀንሳል።

አቆራረጡን ማንበብ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም የትንሽ አልማዝ አቆራረጥ ዕድሜን፣ ክብደትን፣ እውነተኛነትንና ዋጋን በአንድ ጊዜ ይገልጣል።

በትንሽ ጌጥ ላይ ከሚገኙት ጥንታዊ አቆራረጦች አንዱ «ሮዝ» የሚባለው ነው። ታቹ ጠፍጣፋ፣ ላዩ በሦስት ማዕዘን ገጾች እንደ ጉልላት ከፍ ያለ ነው፤ ከጎን ሲታይ ሾጣጣ ታች የለውም። ለስለስ ያለ፣ ውኃ መሰል ነጸብራቅ ይሰጣል። ቀጥሎ «ኦልድ ማይን» የሚባለው ይመጣል፦ ማዕዘኖቹ የተጠጋጉ አራት ማዕዘን ሆኖ፣ የላይኛው ጠፍጣፋ ገጹ ትንሽ፣ አናቱ ከፍ ያለ፣ ታቹ ጥልቅ ነው፤ የታችኛው ጫፉም ሹል ከመሆን ይልቅ በትንሹ ስለሚቆረጥ፣ ከላይ ሲመለከቱት በመሐሉ ትንሽ ክብ መስኮት ያለ ይመስላል። ከብራዚል፣ ከ1867 ወዲህም ከደቡብ አፍሪካ የወጣው አልማዝ በዚህ ዓይነት ሲቆረጥ ቆይቶ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ማሽን ድንጋዩን ማክበብ ሲያቀልል «ኦልድ ዩሮፒያን» የተባለው ክብ አቆራረጥ ተተካ። እሱም ትንሽ የላይ ገጽ፣ ከፍ ያለ አናትና የተቆረጠ ታች ጫፍ አለው። ማርሴል ቶልኮቭስኪ የተባለ መሐንዲስ በ1919 የአልማዝን ልኬት በሒሳብ አስልቶ ካሳተመ በኋላ፣ አቆራረጡ ቀስ በቀስ ወደ ዛሬው 57 ወይም 58 ገጽ ያለው ብሪሊያንት ተሻገረ።

ለጥቃቅን ድንጋዮች ግን ሌላ መንገድ ነበር። ከ2 ሚሊሜትር በታች የሆነ ድንጋይ ላይ 58 ገጽ ማውጣት አድካሚ ስለነበር፣ ቆራጮች ከላይ አንድ ጠፍጣፋ ገጽና በዙሪያው ስምንት፣ ከታች ደግሞ ስምንት ገጾች ብቻ ያሉትን ባለ 17 ገጽ አቆራረጥ ይጠቀሙ ነበር፤ ታች ጫፉ ሲቆረጥ 18 ይሆናል። በንግዱ «ሲንግል ከት» ይባላል። እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ በቀለበት ትከሻ፣ በሴቶች የእጅ ሰዓትና በደረት ጌጥ ላይ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። በሉፕ ሲያዩት የላይኛው ገጽ ስምንት ማዕዘን ሆኖ በዙሪያው ስምንት ሰፋፊ ገጾች ይቆጠራሉ፤ ጌጡ ሲንቀሳቀስ እንደ ዘመናዊው የተሰባበረ ብልጭልጭታ ሳይሆን ጥቂትና ሰፊ ብልጭታዎች በተራ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። በእጅ የተቆረጡ በመሆናቸው ወገባቸው (የላዩና የታቹ ክፍል የሚገናኝበት ዙሪያ) ፍጹም ክብ አይደለም፤ ያልተወለወለ፣ አመዳይ የመሰለ ሻካራ ጠርዝ አላቸው።

አሁን ጌጡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ድንጋይ በድንጋይ ይቁጠሩ። «የ1925 ቀለበት» ተብሎ የቀረበ ጌጥ ጥቃቅን ድንጋዮቹ በሙሉ ባለ 57 ገጽ፣ እኩል ነጭና በልክ አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ጌጡ በዘመኑ አምሳል በቅርቡ የተሠራ ሊሆን ይችላል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ በተለይ ጀርባውም የፈሰሰ ሥራ ከሆነ። ከአሥራ ስምንት ሲንግል ከት መካከል ሁለቱ ብቻ ዘመናዊ ከሆኑ ደግሞ፣ ጌጡ እውነተኛ ሆኖ ሁለት ድንጋዮች ወድቀው መተካታቸውን ያሳያል። ይህ ነውር አይደለም። ሆኖም የተተኩት ከሌሎቹ ይልቅ በብልጭታቸው ጎልተው የጌጡን ስምም መልክ ስለሚያደፈርሱ፣ ዋጋው በዚያው መጠን ይቀንሳል። ጥሩ ጠጋኝ ከሌላ የተሰባበረ ጌጥ የተነቀለ አሮጌ ድንጋይ ፈልጎ ይተካል፤ እንዲህ ያለ ድንጋይ ማግኘት ከአዲስ ድንጋይ ይልቅ ከባድ ስለሆነ፣ ድንጋዮቹ ሳይጓደሉ የቆዩ ጌጥ ከፍ ያለ ዋጋ ቢጠየቅበት ምክንያት አለው።

አልማዝ መሆኑን ማረጋገጥ

በድንጋዩ ላይ ተንፍሶ ጉሙ ቶሎ መጥፋቱን ማየት ወይም ድንጋዩን በጽሑፍ ላይ አድርጎ ፊደል መታየቱን መፈተን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ዘዴዎች ናቸው። በጌጥ ላይ በተተከለ የ2 ሚሊሜትር ድንጋይ ላይ ግን ሁለቱም አይሠሩም።

ሉፕ የበለጠ ያገለግላል። አልማዝ እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ከመቶ ዓመት በኋላም የገጾቹ መገናኛ እንደ ምላጭ ስለት የጠራ ነው፤ የብርጭቆና የሌሎች ምትክ ድንጋዮች መገናኛ ግን በመልበስ ብዛት ይደለድማል፣ ፊታቸውም ይቧጨራል። ምትኮች የገቡበትን ጊዜ ማወቅም ይረዳል፦ ቀለም የሌለው ሰው ሠራሽ ስፒኔል በ1930ዎቹ፣ ስትሮንቲየም ታይታኔት በ1950ዎቹ፣ ኪዩቢክ ዚርኮኒያ በ1976፣ ሞይሳናይት በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው ለገበያ የቀረቡት። ሞይሳናይት ብርሃንን ለሁለት ስለሚከፍል፣ ድንጋዩን ዘንበል አድርገው በሉፕ ሲመለከቱ የኋላ ገጾቹ መገናኛ መስመር ጥንድ ሆኖ ይታያል። አልማዝ ይህ የለውም።

በሙቀት የሚፈትነው ብዕር መሰል መሣሪያ ጠቃሚ ቢሆንም ሦስት ገደብ አለው። ጫፉ ብረቱን ከነካ የተሳሳተ ምላሽ ይሰጣል፣ ሞይሳናይትን ከአልማዝ አይለይም፣ በላቦራቶሪ የተሠራ አልማዝም ለእሱ ያው አልማዝ ነው። የመጨረሻው ነጥብ ዛሬ እጅግ አሳሳቢ ነው። የአሜሪካው ኩባንያ ጄኔራል ኤሌክትሪክ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት አልማዝ መሥራቱን ለዓለም ያሳወቀው በ1955 ስለሆነ፣ የ1920ዎቹ ጌጥ የመጀመሪያ ድንጋይ በላቦራቶሪ የተሠራ ሊሆን አይችልም፤ ባለፉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት በጥገና የገባ ምትክ ግን ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አቆራረጥን ማንበብ እንደገና ይጠቅማል፤ ሊጠረጠሩ የሚገባቸው ዘመናዊ ገጽ ያላቸው ድንጋዮች ናቸው።

የአልትራቫዮሌት ባትሪውን በጨለማ ክፍል ያብሩበት። ከማዕድን የወጡ አልማዞች ሲሰባሰቡ ጥቂቶቹ በደማቅ ሰማያዊ፣ ጥቂቶቹ በደብዛዛው ያበራሉ፣ የሚበዙት ምንም አያሳዩም፤ ይህ ያልተስተካከለ መልክ መልካም ምልክት ነው። ሁሉም በአንድ ቀለምና በአንድ መጠን ካበሩ፣ ወይም ባትሪው ከጠፋ በኋላ ማብራታቸውን የቀጠሉ ካሉ፣ ወደ ባለሙያ መውሰድ ያስፈልጋል።

በአልማዞቹ መካከል ሰማያዊ ወይም ቀይ ጥቃቅን ድንጋዮች ቢኖሩ፣ ሰው ሠራሽ መሆናቸው ብቻውን ጌጡን ሐሰተኛ አያደርገውም። ቬርኑይ የተባለው ፈረንሳዊ የሩቢ አሠራሩን በ1902 ይፋ ካደረገ ጀምሮ ሰው ሠራሽ ሩቢና፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሳፋየር፣ በ1920ዎቹ ምርጥ ጌጦች ላይ ሳይቀር ይተከሉ ነበር።

ሳይነቅሉ ክብደትን መገመት

ድንጋዮቹን ነቅሎ መመዘን ድንጋዮቹን የያዙትን የብረት ጥፍሮች ስለሚጎዳ፣ ክብደት የሚገመተው በልኬት ነው። ለክብ ብሪሊያንት የተለመደው ስሌት የዲያሜትሩ ርዝመት በራሱ ተባዝቶ፣ በጥልቀቱ ተባዝቶ፣ በመጨረሻም በ0.0061 የሚባዛበት ነው፤ ልኬቶቹ በሚሊሜትር፣ ውጤቱ በካራት ይሆናል። ጥልቀቱን መለካት በማይቻልበት ጊዜ በዲያሜትሩ ብቻ መገመት ይቻላል፦ 1.3 ሚሊሜትር ወደ 0.01 ካራት፣ 1.5 ሚሊሜትር ወደ 0.015፣ 1.7 ሚሊሜትር ወደ 0.02፣ 2 ሚሊሜትር ወደ 0.03፣ 2.5 ሚሊሜትር ወደ 0.06፣ 3 ሚሊሜትር ወደ 0.10፣ 3.8 ሚሊሜትር ወደ 0.20 ካራት ይጠጋል።

እነዚህ ቁጥሮች የተሰሉት ለዘመናዊ አቆራረጥ ነው። ኦልድ ዩሮፒያን ጥልቅ ስለሆነ በተመሳሳይ ስፋት ትንሽ ይበልጥ ይመዝናል። ሮዝ አቆራረጥ ግን ታች ስለሌለው ከሚታየው ስፋቱ በጣም ያነሰ ነው የሚመዝነው፤ አንዳንድ ሻጭ የሮዝ ድንጋዮችን በብሪሊያንት ሰንጠረዥ አስልቶ ክብደታቸውን ከእጥፍ በላይ ሲያሳድገው ማየት ያልተለመደ አይደለም። የድንጋዩ ጠርዝ በብረት የተሸፈነ ከሆነም፣ በዓይን የሚታየው ስፋት ከእውነተኛው ያንሳል።

በአሜሪካ የንግድ መመሪያ መሠረት በክፍልፋይ «ግማሽ ካራት» ተብሎ የተጻፈ ክብደት ከ0.47 እስከ 0.54 ካራት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ክብደቱን በክፍልፋይ ሳይሆን በአሥርዮሽ ቁጥር፣ የመሐሉን ድንጋይ ከጎኖቹ ለይቶ እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ። ሠላሳ የ1 ነጥብ ድንጋዮች 0.30 ካራት ቢሆኑም፣ የአንድ ካራት ዋጋ ድንጋዩ ባደገ ቁጥር ስለሚጨምር፣ ከአንድ ባለ 0.30 ካራት ድንጋይ ጋር በዋጋ ፈጽሞ አይተካከሉም።

ቀለም፣ ንጽሕና፣ ጉዳት

ዛሬ ያለው የቀለም ደረጃ ቀለም ከሌለው ዲ ተነሥቶ ግልጽ ቢጫነት እስካለው ዜድ ይወርዳል። የተተከለ ጥቃቅን ድንጋይን በአንድ ፊደል መወሰን ግን አይቻልም፤ ነጭ ብረት ያነጣዋል፣ ቢጫ ወርቅ ያቢጫዋል። ጌጡን በነጭ ወረቀት ላይ አድርገው በቀን ብርሃን፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው መስኮት አጠገብ ይመልከቱና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ ከሌሎቹ የሚለይ ድንጋይ አለ ወይ? በአሮጌ ጌጥ ላይ መጠነኛ ሙቀት ያለው ነጭነት የተለመደ ነው። አንዱ ብቻ በረዶ መስሎ ከነጣ፣ ወይም አንዱ ብቻ ወደ ቡና ካዘነበለ፣ ያ ድንጋይ በኋላ የገባ ሊሆን ይችላል።

በንጽሕና ረገድም በዓይን የሚታይ ጥቁር ነጥብ ወይም ብርሃንን የሚያግድ ደመና መኖር አለመኖሩ ይበቃል። በሉፕ ብቻ የሚታዩ እንከኖች በ2 ነጥብ ድንጋይ ዋጋ ላይ የሚያመጡት ለውጥ ጥቂት ነው። ሻጩ ለሠላሳ ጥቃቅን ድንጋዮች «ሁሉም ቪ.ቪ.ኤስ.» (እንከኑ በ10 እጥፍ ሉፕ እንኳ በጭንቅ የሚታይ) የሚል ደረጃ ከሰጠ፣ ድንጋዮቹ ከመቀመጫቸው ሳይወጡ ያን ማረጋገጥ እንደማይቻል በአክብሮት ይንገሩት።

ጉዳት ግን በጥንቃቄ ይታይ። አልማዝ ጠንካራ ቢሆንም ይሸረፋል፤ የሚሸረፈውም ብዙ ጊዜ ከወገቡ፣ ከጥፍር አጠገብ ነው። ገጹ ላይ ወተት የፈሰሰበት የሚመስል ጉም ካለ፣ ድንጋዩ በጥገና ጊዜ በነበልባል ተቃጥሏል ማለት ነው፤ እንደገና ቢወለወል ይለቃል፣ ነገር ግን መንቀልን ይጠይቃል። ጥፍሮቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። አንዳንዶቹ ተበልተው ከድንጋዩ ወገብ ጋር እኩል ሆነው ይሆናል፤ እነዚህ ሳይጠገኑ ጌጡ መለበስ የለበትም። ቀለበቱን ወደ ጆሮ አስጠግተው በጣት ቀስ ብለው ሲመቱት ቀጭን የመንቀጥቀጥ ድምፅ ከተሰማ፣ የላላ ድንጋይ አለ።

ወደ ዋጋው

ስሌቱን በአንድ ጌጥ እንየው። የ1920ዎቹ መልክ ያለው፣ «18 ሲቲ» እና «ፕላት» የተመታበት፣ 3.4 ግራም የሚመዝን ቀለበት ቀርቦልዎታል እንበል። ሻጩ «ግማሽ ካራት» ይላል። የመሐሉ ድንጋይ ኦልድ ዩሮፒያን ሲሆን 3.8 ሚሊሜትር ስፋትና 2.5 ሚሊሜትር ጥልቀት አለው፤ 3.8 በ3.8፣ በ2.5፣ በ0.0061 ሲባዛ ወደ 0.22 ካራት ይሆናል። በዙሪያው 1.5 ሚሊሜትር የሆኑ አሥራ ሁለት ሲንግል ከቶች 0.18፣ በትከሻው ላይ ያሉ 1.3 ሚሊሜትር የሆኑ አራቱ 0.04 ካራት ይመዝናሉ። ጠቅላላው 0.44 ነው። ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱ ዘመናዊ ምትኮች ሲሆኑ፣ አንዱ አሮጌ ድንጋይ ወገቡ ላይ ተሸርፏል።

በአካባቢዎ ያለ የድንጋይ ነጋዴ ጥቃቅኖቹን በካራት 400 ዶላር ቢያስብ፣ የጎን ድንጋዮቹ በሙሉ 0.22 ካራት ስለሆኑ 88 ዶላር ብቻ ይሆናሉ። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ እውነቱ ግን ይህ ነው። በአንጻሩ አንድ የ1.5 ሚሊሜትር ድንጋይ ለመተካት የሚጠየቀው የእጅ ዋጋ ከድንጋዩ ዋጋ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ የጎደለ ወይም የተሸረፈ ድንጋይ ሲያዩ ከዋጋው ላይ የሚቀንሱት የድንጋዩን ዋጋ ሳይሆን የጥገናውን ሙሉ ወጪ መሆን አለበት። የመሐሉ ድንጋይ ለብቻው ይገመታል፤ ጥሩ ኦልድ ዩሮፒያን የሚፈልጉ ሰብሳቢዎች ስላሉ፣ በዘመናዊ መልክ እንደገና ይቆረጥ የሚል ምክር ከተሰጠዎት አይቀበሉት፤ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ከጌጡም ጋር አይስማማም።

ብረቱ የዋጋው ወለል ነው። 3.4 ግራሙ በሙሉ 18 ካራት ወርቅ ቢሆን እንኳ ንጹሕ ወርቁ 2.55 ግራም ነው። ከወለሉ በላይ ያለው ሁሉ የሚመጣው ከእጅ ሥራው፣ ከዘመኑ፣ ከድንጋዮቹ መመሳሰልና ከገዢው ፍላጎት ነው። የታወቀ የጌጥ ቤት ፊርማ ወይም የሠሪ ምልክት ካለበት ስሌቱ ፈጽሞ ይለወጣል፤ እንዲህ ያለውን ሳያስመረምሩ አይሽጡ።

አንድ ጌጥ በአንድ ጊዜ ሦስት ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ለኢንሹራንስ የሚጻፈው የመተኪያ ዋጋ ከፍተኛው ነው፤ በሱቅ ተመሳሳዩን ለማግኘት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ያሳያል። በጨረታ የሚገኘው ከዚያ ያንሳል። ነጋዴ በእጅዎ ላይ ቆጥሮ የሚሰጥዎት ዋጋ ደግሞ ከሁሉም ያንሳል፤ ትርፉን፣ ጥገናውንና ገንዘቡ ታስሮ የሚቆይበትን ጊዜ ስለሚያሰላ ነው። ሻጭ የኢንሹራንስ ግምት ወረቀት አውጥቶ «ግማሹን ብቻ ይክፈሉ» ሲል፣ ግማሹም ከገበያው በላይ ሊሆን እንደሚችል ያስቡ። ተመሳሳይ ጌጦች በጨረታ ቤቶች በእርግጥ የተሸጡበትን ዋጋ መመልከት ከማንኛውም ወረቀት ይበልጣል። በሻጮች የተለጠፈ ዋጋ ግን ምኞት እንጂ ሽያጭ አይደለም።

የወርቅ ገበያው በግራም በሚሠራበት ቦታ፣ ፒያሳም ይሁን ዱባይ፣ አሮጌ አልማዝ ያለበትን ጌጥ ለሚያቀልጥ ሰው ማቅረብ በወለሉ ዋጋ መሸጥ ነው። የሥራው ባለሙያዎች የሚገኙት እንደ ለንደኑ ሃተን ጋርደን፣ እንደ ኒው ዮርኩ 47ኛ ጎዳናና እንደ አንትወርፕ ባሉ ቦታዎች በአሮጌ ጌጥ ላይ ብቻ የሚሠሩ ነጋዴዎች ዘንድ ነው። ገማች ሲመርጡ ጌጡን ራሱ ለመግዛት የማይፈልግ፣ ክፍያውም በሰዓት ወይም በጌጥ ብዛት እንጂ በዋጋው መቶኛ ያልሆነ ይምረጡ። በሚጽፍልዎት ወረቀት ላይ የእያንዳንዱ ዓይነት ድንጋይ ብዛት፣ አቆራረጥና ስፋት በሚሊሜትር፣ ክብደቱ በጌጡ ላይ እንዳለ የተገመተ መሆኑ፣ የተተኩት የትኞቹ እንደሆኑ፣ የተጻፈውም ዋጋ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በግልጽ እንዲሰፍር ይጠይቁ፤ የጌጡን የፊትና የጀርባ ፎቶግራፍም አያይዘው ያስቀምጡ፣ ጌጡ ለጥገና ወጥቶ ሲመለስ ድንጋዮቹ ያው መሆናቸውን የሚያመሳክሩት በእሱ ነውና።